በስሜ የሄደው እምቢታ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሽቦ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቻህን ውሎ ማደሩ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከወገቤና ከአባትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ይብሳሉ። መነጽር ቤታችን እንደተውከው ነው፤ አባትህ ከፊት ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይውላል፣ እኔ ከኋላ ክፍል መሞረጃው ላይ ተደፍቼ፣ እስከ ክርኔ ነጭ ዱቄት ለብሼ ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ።

አንድ ነገር አጋጥሞኝ ነው የምጽፍልህ። በስልክ አልነግርህም። እሁድ እሁድ ስትደውል አባትህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመካከላችን ያስቀምጠዋል፤ «ሰርቨሩ ደህና ነው?» ይልሃል፣ «ደህና ነው» ትለዋለህ፣ ሌላ ወሬ የላችሁም። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በወረቀት ይሁን።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ረጅም ሴትዮ ገባች። መንገደኛ ናት። የመነጽሯ ብሎን ወልቆባት አንዱን ጎን በክር አስራዋለች። አባትህ ለምሳ ወጥቷል። እኔ ብሎኑን ሳስገባላት እሷ መስኮቱ ላይ ከደረደርኳቸው ሌንሶች አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አየችው። ያ ከባድ ቁጥር ሆኖ ሳለ አቅጥኜ የምሠራው ነው፤ ታውቀዋለህ።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ፣ ማን ይሠራዋል!»

ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ክው አለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ሦስት ጊዜ ጽፈንልሽ ሦስት ጊዜ አልፈልግም ያልሽን?»

መቼም አትረሳውም፣ ሽቦ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የመነጽር ሠሪዎች ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል ሲባል በእጄ የሞረድኳቸውን ሁለት ሌንሶች በጥጥ ጠቅልዬ ላክሁ። ጥቅሉን ያሰርከው አንተ ነህ። መልስ የሚመጣበትን የኢሜይል አድራሻም አንተ ነህ የጻፍክልኝ፤ በዚያው ሰሞን ለቤቱ ሰርቨር አቁመህ ለእያንዳንዳችን አድራሻ ሰጥተኸን ነበር። ጠበቅሁ። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። አባትህ «ምን ነበር ያልኩሽ? እነሱ እኮ የሚፈልጉት የተማረ ሰው ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ አይበቃም ብዬ ነው የኖርኩት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ? እኔም ራሴ ልጡን ስነክርበት ኖርኩ።

ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ኃላፊ ናት። ሌንሶቼ እስከ ዛሬ በመስታወት ሳጥን ተቀምጠው ለተማሪ ይታያሉ አለችኝ። እምቢ ማለቴን ግን በዓይኗ አንብባለች፤ በስሜ፣ ከአድራሻዬ የሄደ ነው። እኔ የኢሜይል ሳጥኔን በየሳምንቱ እከፍታለሁ፤ ከፍሬም ሻጮች ማስታወቂያ በቀር የመጣልኝ የለም። እኔም አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

ደጉ ነገር፣ ዘንድሮ ቦታው እንደገና ተከፍቷል። ከመንገዷ ስትመለስ ኅዳር መግቢያ ላይ ትጽፍልኛለች፤ እስከ ኅዳር ሠላሳ እሺ ካልኩ የኔ ነው። «በየት ልጻፍልሽ ታዲያ?» ስትለኝ «በዚያው አድራሻ፤ ሰርቨሩን የሚጠብቀው የወንድሜ ልጅ ነው፣ እነግረዋለሁ» አልኳት። ኮርቼብህ ነው እንዲያ ያልኩት።

በል እንግዲህ፣ የድሮዎቹ የት እንደገቡ ፈልግልኝ። የሚመጣው እንዳይጠፋም ዓይንህን ጣልበት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ለዚህ ሥራ የቀረው ጥቂት ነው። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ከክፉ ባልደረባ ይሰውርህ።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ወገብዎስ? እኔ ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመልእክት ሰርቨሮቹን ሁሉ ወደ አዲስ ክፍል እያዛወረ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ስለሚያፏጩ ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አይቼ ነው የምመልስለት።

የጻፉልኝን አነበብኩ። ይገርማል። ኢሜይል አንዳንዴ ይጠፋል፤ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው የሚገባም አለ። ምናልባት ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታትታዎት ይሆናል። ለማንኛውም አየዋለሁ። እስከዚያው ለአባባ ባይነግሩት ጥሩ ነው፤ ደሙ ከፍ ይልበታል።

ሌላው፣ የእኔም ዓይን ደክሟል። ሐኪሙ የሰጠኝን የአዲስ ቁጥር ማዘዣ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የእርስዎ እጅ ካልሞረደው መነጽር ራሴን ያመኛል፤ ያውቁታል።

በጤና ያቆይልኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሽቦ


ኅዳር 12

ለሽቦ፤

እንዴት ነህ አንተ፣ የምድር ቤት አይጥ? ማዘዣህ ደረሰኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥሩን እንዲህ የጨመርከው ማሽን ላይ አፍጥጠህ ነው እንጂ እርጅና አልያዘህም። እሞርድልሃለሁ፤ ፍሬሙን መርጬልሃለሁ፣ ጥቁር ነው፣ ቁም ነገረኛ ያስመስልሃል።

ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችኝ ላልከው፣ በኔ ስም የምትጠራ፣ ወፍራም ሌንስ የምታሳሳ ሌላ ሴት ካለች አምጣልኝና ሥራ ላካፍላት። ወገቤም ይረፍ።

አየዋለሁ ብለህ ነበር። አየኸው ወይ? የኅዳር መግቢያ አለፈ፤ ሳጥኔን በቀን ሦስቴ እከፍታለሁ፣ ባዶ ነው። እስከ ሠላሳ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። በወረቀት ልጽፍላት አሰብኩና፣ አንተ አየዋለሁ ካልክ ምን አጣደፈኝ ብዬ ተውኩት። ላንተ በሰጠሁት ጉዳይ ሌላ ሰው ማስቸገር አንተን አለማመን ሆኖ ታየኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እስቲ እንደ ተማሪ ቁጠረኝና ከሥሩ ንገረኝ፤ ኢሜይል ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ በመካከል የሚነካው ማነው? የወረቀቱን አውቃለሁ፤ ፖስተኛው ነው፣ እሱም ስሙ ይታወቃል፣ ቤቱም ይታወቃል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አባትህ ከሰሞኑ ደግ ሆኗል። «ለወገብሽ» ብሎ የሚሽከረከር ወንበር ገዛልኝ። ሠላሳ ዓመት ያቺ እንጨት ዱካ ላይ ስቀመጥ ወገብ ያለኝ አይመስለውም ነበር። ትናንት ደግሞ «ዛሬ ቀደም ብለሽ ግቢ» አለኝ። ታሞ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልታመምኩም አለኝ።

አምላክ በሄድክበት ይቅደምልህ።

አክስትህ


ኅዳር 26

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ እንቅልፍ አጣሁ እንጂ። ከሥሩ ንገረኝ ስላሉኝ እነሆ እነግርዎታለሁ።

ሰርቨር ማለት በር ላይ እንደተቀመጠ የደብዳቤ ተቀባይ ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ሁለት ቦታ ስም ተጽፎበት ይመጣል። አንዱ ከላይ፣ ፖስታው ላይ ነው። ሌላው ከውስጥ፣ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ነው። ሰው ከፍቶ የሚያነበው የውስጡን ነው፤ ተቀባዩ የሚታዘዘው ግን ለላይኛው ብቻ ነው። በእጁ አንድ የደንብ መዝገብ አለ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መዝገቡን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያያል። «ለእገሌ የመጣው ለእገሊት ይሁን» የሚል መስመር ካገኘ የላይኛውን ፖስታ አውልቆ ሌላ ያለብሰዋል። የውስጡን አይነካም። ስለዚህ የአንዱ ስም ያለበት ደብዳቤ በሌላው ሳጥን ሊቀመጥ ይችላል፤ የላከውም ሰው ይህን በምንም አያውቅም። ሲወጣም እንዲሁ ነው። ላኪውን የሚለውጥ መስመር ካለ አንዱ የጻፈው በሌላው ስም ይሄዳል፣ መልሱም ወደ ስሙ ባለቤት ሲመጣ እንደገና በር ላይ ይጠለፋል።

ይህ ክፋት አይደለም፣ እትዬ፤ የዘወትር ሥራ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ደብዳቤው ለተተኪው እንዲደርስ፣ አሥር ሰው የሚጽፈው በድርጅቱ ስም እንዲወጣ ይደረጋል። እኔ እዚህ በቀን ሃያ እንዲህ ያለ መስመር እጽፋለሁ። ማሽኑ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

የቤታችን ሰርቨር አርጅቷል። ያረጀ ሰርቨር ላይ ማን እንደጻፋቸው የማይታወቅ መስመሮች አይጠፉም። ከእነሱ አንዱ ይሆናል ያደናቀፈው። እያየሁት ነው።

ሰላሙን ያብዛልን።

ሽቦ


ታኅሣሥ 13

ይድረስ ለተከበሩ የመልእክት ሰርቨር ባለሙያ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ማስረዳት ይችሉበታል። ሁለቱም ፖስታዎች፣ የላዩም የውስጡም፣ ገብተውኛል።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ አፍንጫህን የጠረግሁልህ ልጅ ነህ፣ አልሆነልኝም። ሰላምታውን ግን አልጨምርልህም።

ኅዳር ሠላሳ አለፈ። ሳጥኔ ባዶ ነበር። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት አባትህ ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ ከማዕዘኑ ሱቅ ያለችውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራኋት። ሰርቨሩ ከፍሬሞቹ መደርደሪያ ሥር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከሆዱ ሥር ወረቀት ለጥፈህ ነበር፣ «እኔ በሌለሁበት ለክፉ ቀን» ብለህ ፓስወርዱን ጽፈህበት። ክፉ ቀን መጣ፤ ነቅዬ ሰጠኋት።

ያልከኝን የደንብ መዝገብ ሦስት ገጽ አድርጋ አተመችልኝ። ማጉያዬን ይዤ መብራት ሥር ተቀመጥኩ። መስመሮቹ የባዕድ ፊደል ናቸው፣ አይገቡኝም። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ግን በእኛው ፊደል ማስታወሻ አለ። አዛዥ እገሌ፣ ሠሪ ሽቦ፣ ቀን ይህን ያህል። ሁለተኛው ገጽ ወገቡ ላይ ይህን አገኘሁ፤ ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦

«ከትምህርት ቤቱ ለእትዬ የሚመጣ ሁሉ ወደ አባባ ሳጥን ይግባ። ከአባባ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄድ በእትዬ ስም ይውጣ። አዛዥ፦ አባባ። ሠሪ፦ ሽቦ። ሐምሌ 19።»

ማን እንደጻፋቸው የማይታወቅ መስመሮች አይጠፉም አልከኝ አይደል?

ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣኸው አስበው እስቲ። እያንዳንዱ የሌንስ ከረጢት ላይ ያዘዘው ሰው፣ የሠራው ሰውና ቀኑ ሳይጻፍ ከጠረጴዛ አይወርድም ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ሌንሱ ከተሳሳተ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው አልኩህ። አልረሳኸውም። ጎበዝ ተማሪ ነበርክ።

የአባትህንም ሳጥን አስከፈትኩ። ነውር ነው ትለኝ ይሆናል። በውስጡ ከትምህርት ቤቱ ለኔ የተጻፉ አራት ደብዳቤዎች ነበሩ። የመጀመሪያው «እንዲህ ያለ እጅ አይተን አናውቅም፤ መቼ ትመጪልናለሽ?» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ ለምስጋናም ነው ለካ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጠጋኟ ወንበር ሳበችልኝ፤ ያንን የሚሽከረከረውን። አልተቀመጥኩበትም።

አራተኛው የጻፈችው ኅዳር አምስት ነው። ኅዳር ሰባት መልስ ሄዶላታል፤ «ዕድሜዬ ስለገፋ አልችልም። ዳግመኛ እንዳትጽፉልኝ» ብያታለሁ። እኔ ብያታለሁ ማለቴ ነው፤ ስሜ አለበት። በዚያው ሳምንት ወንበሩ ተገዛ።

አሁን ቁጠርልኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ጥቅምት አጋማሽ ላይ እጅህ ገብቷል። እሷ እስክትጽፍ ሃያ ቀን ነበረህ። መስመሩ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ የጻፍከው አንተ ነህ። አንድ መስመር ለመሰረዝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ጠጋኟን ጠየቅኋት። «ግማሽ ደቂቃ» አለችኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ጥፋት፣ ልጅ ነበር ብዬ ልለፈው። የዘንድሮውን በምን ልለፈው? እየለመንኩህ፣ እያመንኩህ፣ መነጽርህን እየሞረድኩልህ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ፈረሱን ራሴ አሳድጌ፣ ራሴ ኮርቻ ጭኜ ነው የወደቅሁት። አባትህ ገፍቶኝ ቢሆን ይገባኛል፤ እሱ ከልጅነታችን ጀምሮ የኔን ድርሻ መብላት ያውቃል። አንተ ግን የኔ ነበርክ።

መልስ ካለህ በወረቀት፣ በእጅህ ጻፍ። በኢሜይል የሚመጣውን ማን እንደጻፈው አላውቅም።

አክስትህ


ጥር 2

እትዬ፤

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም። አፍ ሳይኖረኝ ሰላም እልዎታለሁ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ አባባ ለጉዞዬ ዋስ ሆኖ ሊፈርምልኝ ነበር፤ በመካከል ያለችውን እሁድም አስታውሳታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከእርስዎ ዓይን ስሸሽ የዋልኩባት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠራኝና «አክስትህ ለራሷ አታውቅም። ይሄ ትምህርት ቤት ያደክማታል። የሚመጣውን እኔ ልየው፣ እኔ ልመልስላት» አለኝ። «እሷ ታውቃለች?» አልኩት። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ፊርማውን ፈልጌ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከላዩ ስሜን ለምን እንደጻፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጄ ለምዶ ነው።

እሁድ እሁድ «ሰርቨሩ ደህና ነው?» ሲለኝ መስመሩ አለ ወይ ማለቱ ነበር። «ደህና ነው» ስለው አለ ማለቴ ነበር። እርስዎ ከመካከላችን ተቀምጠው ይስቁብን ነበር፣ ሌላ ወሬ የላችሁም እያሉ።

ለዘንድሮው የምሰጠው ምክንያት የለም። መስመሩን ካነሳሁት ደብዳቤው ይቀርበታል፣ አባባም ማን እንዳነሳው ያውቃል፤ እሁድ ምን እመልስለታለሁ ብዬ ፈራሁ። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጬ አባቴን ፈራሁ። ሦስት ቀን መዝገቡን ከፈትኩት፣ ሦስት ቀን ዘጋሁት። የቀረውንም ልንገርዎት፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት። ሰርቨሩ የገባና የወጣውን ሁሉ በሰዓቱ ይመዘግባል። ኅዳር አምስት የሴትዮዋ ደብዳቤ ሲገባ ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ኅዳር ሰባት የእርስዎ ስም ለብሶ የወጣውንም አይቻለሁ። ከዚያ ነው ስለ ሁለቱ ፖስታዎች የጻፍኩልዎት። ራስዎ ደርሰውበት እኔን ከመናገር ያድኑኝ ይሆናል ብዬ ነበር መሰለኝ።

አሁን መስመሩን ሰርዤዋለሁ። ለአባባም ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ስልኩን ዘጋብኝ። ለትምህርት ቤቱ ሁሉንም ገልጬ ልጻፍ? ፈቃድዎ ከሆነ ራሴ መጥቼ ከእግርዎ ሥር እወድቃለሁ። መነጽሩን አያስቡት፤ የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

ሽቦ


ጥር 27

ለሽቦ፤

እንዴት ነህ? ለወግ አይደለም የምጠይቅህ፤ እንቅልፍ አጣሁ ያልከኝ ከልቤ አልወጣም፣ እሱም ያናድደኛል።

አትምጣ። ለትምህርት ቤቱም አትጻፍ። በኔ ፈንታ የሚጽፍ ሰው ጠግቤያለሁ።

አባትህን አነጋገርኩት። ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ሦስቱን ገጽ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። አላበለም፤ በዚህስ ከአንተ ይሻላል።

«ብትሄጂ ይሄ ቤት ይቆም ነበር?» አለኝ።

«አይቆምም ነበር» አልኩት።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ አትሂጂብኝ ብትለኝ እቀርልህ ነበር። አንዲት ቃል! እሷን ማውጣት አቅቶህ ነው በስሜ አራት ደብዳቤ የጻፍከው?»

ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም የሚለው እሱ አይደል? ይነቅዛል። ዘጠኝ ዓመት የነቀዘውን አብረን አየነው። ከዚያ አለቀሰ፤ በዕድሜዬ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ አላለቀስኩም። መሐረብም አላቀበልኩትም፣ ከኪሴ እያለ።

ለትምህርት ቤቱ በወረቀት ጽፌ ያቺን ሁለተኛ ገጽ አያይዤ ላክሁ። ረጅሟ ሴትዮ በገዛ እጇ መለሰችልኝ። ቦታው ታኅሣሥ ላይ ተሰጥቷል። የተሰጣት በመስታወት ሳጥኑ ካሉት ከኔ ሌንሶች የተማረች ልጅ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እኔን በወርክሾፑ በሞራጅነት ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ፤ ማስተማር የለበትም፣ ልጅቷ አለቃዬ ትሆናለች። እሺ ብያለሁ። እሺታዬን በእጄ ጽፌ፣ በእጄ ፖስታ ቤት አድርሼዋለሁ። የፊታችን ሰኞ እሄዳለሁ። ወንበሩን ለአባትህ ትቼለታለሁ፣ ይሽከረከርበት።

መነጽርህ ከዚህ ጋር ነው። በዚህ ቤት የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው።

የግራውን ስሞርድ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ሩብ ቁጥር ባዛንፈው ማን ያውቃል? አንተም አታውቀውም። ራስህን ያምሃል፣ ድካም ነው ትላለህ፤ ፊደሉ ይደበዝዝብሃል፣ ምድር ቤቱ ነው ትላለህ። ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ከራስህ ላይ ትፈልጋለህ፣ እኔ እጄ ላይ ስፈልግ እንደኖርኩት። የመሞረጃውን ድንጋይ አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ላደርገው ፈልጌ ነበር። ማድረጉም በእጄ ነበር።

ከዚያ ማዘዣህን እንደገና አየሁና በልኩ ሞረድኩት። ለፍቅር ብዬ እንዳይመስልህ፤ ፍቅሩ አሁን የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ከረጢቱ ላይ ስሜን ልጽፍበት ስለሆነ ነው። አንብበው፦ አዛዥ፣ ሽቦ። ሠሪ፣ አክስትህ። ጥር 27። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።

መነጽሩን አድርገውና በደንብ እይ።

ከፖስታው ጀርባ የምሄድበትን አድራሻ አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም።

አክስትህ